ሥር የሰደደ የጥርስ መቦርቦር፦ ነርቩን አትርፎ መሙላት፣ ነርቩን ማውጣት ወይስ መንቀል?

የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወዲያ፣ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አልቀው የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት የአዲስ አበባ ጫፍ ባለ አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላንና ከአቃቂ የሚመጡ ታካሚዎቼ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደሉ የሚሉኝ ነገር አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ይንቀሉልኝና ልገላገል።» ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን አፉን ከፍቶ ስመለከተው፣ ራጁንም ሳየው፣ ሊነቀል የመጣው መንጋጋ ብዙ ጊዜ መትረፍ የሚችል ነው፤ አንዳንዴም ነርቩ ጭምር። ያ ውሳኔ በሕመም መካከል በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንዳይወሰን ብዬ ምርጫዎቹን እያነጻጸርኩ ጽፌአለሁ።

ከምርጫዎቹ በፊት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ለሐኪሙ ነው፦ የጥርሱ ነርቭ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ሁለተኛው ለታካሚው ነው፦ ከወራት በኋላ በቀጠሮው ተመልሰው መምጣት ይችላሉ? መጻሕፍቱ ለሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ቦታ አይሰጡትም። እኔ ግን እዚህ ከተማው ጫፍ ላይ ስሠራ ከመጀመሪያው እኩል እጠይቀዋለሁ።

ሕመሙ ስለ ነርቩ የሚናገረው

ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ኢናሜል የሚባለው ነጩ ልባስ ከክብደቱ 96 በመቶ ገደማ ማዕድን ስለሆነ ሲቦረቦር አያምም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው። ቱቦዎቹ የሚያደርሱት በተለምዶ ነርቭ ወደምንለው የጥርሱ እምብርት ነው። ነርቭ እንበለው እንጂ ውስጡ የደም ሥርም አለ፤ ዴንቲን የሚሠሩ ሕዋሳትም አሉ። መቦርቦሩ ሲቃረብ እነዚህ ሕዋሳት ከውስጥ በኩል አዲስ ዴንቲን እየገነቡ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ነርቭን አትርፎ ማከም የተቻለው በዚህ ችሎታ ምክንያት ነው። ሐኪሙ የሚያደርገው ለእነዚያ ሕዋሳት ጊዜና ፋታ መስጠት ነው።

ስለዚህ የሕመሙን ጠባይ መጠየቅ የምርመራው ግማሽ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው ወጋ አድርጎ፣ ውኃው ከተዋጠ በኋላ በጥቂት ሴኮንዶች የሚተው ከሆነ ነርቩ ተቆጥቷል እንጂ አልተሸነፈም፤ ያስቆጣው ነገር ከተወገደለት ይረጋጋል። ማንም ሳይነካው በራሱ የሚነሣ፣ ትኩስ ሻይ የሚያባብሰው፣ ጋደም ሲሉ እንደ ልብ ትርታ የሚመታ፣ ከተነሣም ለብዙ ደቂቃ የማይለቅ ሕመም ግን ቁጣው ሥር መስደዱን ያመለክታል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከገላን በኩል የግማሽ ሊትር ውኃ በፕላስቲክ ይዘው መጡ። ስማቸውን ስጠይቃቸው እጃቸውን አንሥተው «ቆይ» አሉኝና ተጎነጩ፤ ውኃውን በግራ ጉንጫቸው ይዘው ቆዩና ዋጡት፤ ስማቸውን ነገሩኝ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደግመው ተጎነጩ። ቅዝቃዜው እስካለ ድረስ ሕመሙ ታገሥ ይልላቸዋል፤ ውኃው አፋቸው ውስጥ ሲሞቅ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ታካሚ ያየ ሐኪም ራጅ ሳያይም ነርቩ ክፉኛ እንደተጎዳ ይገምታል።

ሦስተኛው ጠባይ የሚያታልል ነው። ለሳምንታት ያሠቃየ ጥርስ አንድ ቀን ዝም ይላል፤ ሰውም «ተወኝ፣ ዳነልኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ያለው ነርቩ ስለሞተ ነው። ከወራት በኋላ ድዱ ላይ ብጉር የምትመስል መግል የቋጠረች እብጠት ትወጣለች፤ ትፈርጣለች፤ ደርቃ እንደገና ትወጣለች። እዚህ ላይ የተደረሰ እንደሆነ ነርቭን የማትረፍ ጉዳይ አብቅቷል። የሚቀሩት የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ማለትም ነርቩን ከነሥሩ አውጥቶ ቱቦዎቹን መሙላት፣ እና መንቀል ብቻ ናቸው።

ሕመሙ የሚለውና የነርቩ ትክክለኛ ሁኔታ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ስለዚህ ሐኪሙ ጥጥ ላይ ማቀዝቀዣ ረጭቶ ጥርሱን ይነካል፣ ስሜቱንም ከጎን ካለው ጤነኛ ጥርስ ጋር ያነጻጽራል። በመሣሪያ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርጋል። የሥሩን ጫፍ የሚያሳይ ራጅ ያነሣል። ጥልቅ መቦርቦርን ያለ ራጅ መሙላት በጨለማ እንደ መሄድ ነው። በአቅራቢያችሁ ያለው ክሊኒክ ራጅ ከሌለው ባለበት ተነሥታችሁ ፊልሙን ወይም ምስሉን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሣ። ከወንጂ፣ ከዝዋይና ከሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች መጥተው በሰፈራችን የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም መቦርቦር አይደለም። በልጅነታቸው ከጠጡት ውኃ ውስጥ የነበረው ከፍተኛ ፍሎራይድ የተወው ምልክት ነው። ቀለሙን ብቻ አይቶ ልቦርቡረው የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ነርቩ ገና ካልተጋለጠ

እኔ በተማርኩበት ጊዜ ትምህርቱ ቀላል ነበር፦ መሣሪያው ጠንካራ ዴንቲን እስኪነካ ድረስ የበሰበሰው ሁሉ ይጠረግ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ መጣች። ጥርሷን የሚወጋት ቀዝቃዛ ነገር ብቻ ነበር፤ ሌሊት በደንብ ትተኛለች። እንደተማርኩት እስከ መጨረሻው ጠረግኩ። የመጨረሻዋ ለስላሳ ቁራጭ ስትነሣ ከሥሯ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። ነርቩን የከፈተው መቦርቦሩ አልነበረም፤ የእኔ እጅ ነው። በጊዜው የነበረኝን መድኃኒት አድርጌ ዘጋሁት። ብዙም ሳትቆይ ጉንጯን በነጠላ ጠቅልላ ተመለሰች። ያ ጥርስ ነርቩ ወጥቶለት ነው ዛሬ ያለው። ያኔ ያቺን ቁራጭ ትቼ ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ከነሕይወቱ የመኖር ሰፊ ዕድል ነበረው። ከዚያ ወዲህ ጥልቅ መቦርቦር ባየሁ ቁጥር ያቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች።

ዛሬ የተሻለ የሚባለው መንገድ ቦታ እየለዩ መጥረግ ነው። የጎድጓዳው ዙሪያ እስኪጠነክር ድረስ በደንብ ይጸዳል፤ ሙሌቱ ጥርሱን አጥብቆ የሚይዘው እዚያ ላይ ነውና። ከነርቩ በላይ ባለው ወለል ላይ ግን ለስላሳው ዴንቲን ይተዋል። እኔ ወደ ወለሉ ስቃረብ ሞተሩን አስቀምጬ ጫፏ እንደ ትንሽ ማንኪያ የሆነች የእጅ መሣሪያ አነሣለሁ። መጀመሪያ የሚነሣው እንደ ራሰ አፈር ይፈርሳል፤ ቀጥሎ ያለው እንደ እርጥብ ቆዳ በስሱ እየተላጠ ይመጣል። እጄ የሚያቆመው እዚያ ነው።

«ብስባሹን ውስጡ ትተው ዘጉብኝ» ብለው የሚያዝኑ ታካሚዎች አሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ጥርስ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እኛ ከምንበላው ስኳር ነው። እሱን ወደ አሲድ እየቀየሩ ነው ማዕድኑን የሚያሟሙት። ሙሌቱ ምራቅ የማያስገባ ከሆነ ስንቃቸው ይቋረጣል። ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የቀሩትም ይዳከማሉ፤ ለስላሳው ዴንቲን ከወራት በኋላ ደርቆ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዓለም አቀፍ የጥርስ መቦርቦር ባለሙያዎች ስምምነት ለጥልቅ መቦርቦር ይህን መንገድ መክሯል። የአውሮፓ ኢንዶዶንቲክስ (የጥርስ ነርቭ ሕክምና) ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አቋም ነርቩን ሳያጋልጡ ማከምን አስቀድሟል።

ከዚህ ጋር የሚፎካከረው ሌላ አማራጭ በሁለት ዙር መጥረግ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለስላሳው ተትቶ ጥርሱ በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል፤ ከስድስት እስከ 12 ወር ቆይቶ ይከፈትና አሁን የደረቀውና የጠነከረው ተጠርጎ በቋሚነት ይሞላል። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ከመጥረግ እንደሚሻል የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በስካንዲኔቪያ ሐኪሞች መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተጠረገላቸው ጥርሶች 28.9 በመቶው ነርቫቸው ተጋልጧል፤ በሁለት ዙር ከተጠረገላቸው ግን 17.5 በመቶው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ታዲያ በሁለት ዙር ወይስ ጥቂት ትቶ በአንድ ቀን? መልሱን ለእኔ የቆረጠልኝ በብራዚል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የሦስት ዓመት ክትትል ነው። ለስላሳው ተትቶ በዚያው ቀን በቋሚነት ከተዘጉት ጥርሶች 91 በመቶው ነርቫቸው ሕያው ሆኖ ተገኘ፤ በሁለት ዙር እንዲታከሙ ከተመደቡት 69 በመቶው ብቻ። ልዩነቱን ያሰፋው ለሁለተኛው ዙር ያልተመለሱት ታካሚዎች ቁጥር ነው። ጊዜያዊ ሙሌት ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲያልቅ ምራቁም ስኳሩም ይገባል፤ ትተነው የነበረው ሁሉ እንደገና ይነሣል።

ይህን ስንመለከት የእኛን ሰፈር እናስብ። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ጥርሱን ለመታከም ሲመጣ የዕለት ገቢውን ትቶ ነው። ከ12 ሰዓት ጀምሮ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃል። ሕመሙ ሲቆምለት ደግሞ ለስድስት ወር የተያዘ ቀጠሮ ከሕይወቱ ጣጣ መካከል ይረሳል። ያልተመለሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በመሆኑም ሌሊት የማያም፣ በቅዝቃዜ ብቻ የሚወጋ ጥልቅ መቦርቦር ካላችሁ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ለስላሳውን ትቶ በዚያው ቀን በቋሚነት የሚዘጋላችሁን ሐኪም ምረጡ። ሁለቱን ዙር የምቀበለው መቦርቦሩ የዴንቲኑን ውፍረት በሙሉ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረውና ታካሚው በእግሩ መጥቶ የሚመለስ የቅርብ ሰው ሲሆን ነው።

ስለ መዝጊያው

ከላይ የተባለው ሁሉ የቆመው ሙሌቱ ምራቅ አያስገባም በሚል ተስፋ ላይ ነው። ስለዚህ «በምን ይሞላልኛል?» ብላችሁ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኮምፖዚት መልኩ ጥርስ ይመስላል፣ ጥንካሬውም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሲሠራ ጥርሱ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፣ የሚጠነክረውም በሰማያዊ መብራት ነው። ግላስ አዮኖመር በራሱ ኬሚካል በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፣ ትንሽ እርጥበት ይታገሣል፣ ፍሎራይድም ይለቃል፤ ድክመቱ ማኘክ ሲበዛበት ከኮምፖዚት ቶሎ ማለቁ ነው። አማልጋም ለረጅም ዘመን ያገለገለ ጠንካራ ሙሌት ቢሆንም በውስጡ ባለው ሜርኩሪ ምክንያት ዓለም እየተወው ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የግላስ አዮኖመር ጥቅም በጣም ይታያል። በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ በዚሁ ሙሌት የመዝጋት ዘዴ የተጀመረው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ገጠር ነው። እኔ ለጥልቅ መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሁለቱን አጣምራለሁ፦ ከታች ግላስ አዮኖመር፣ ከላይ ኮምፖዚት።

ነርቩ ከተጋለጠ

ቀይዋ ነጥብ ከታየች በኋላ ምርጫው ሌላ ነው። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ሐኪምም ጭምር፣ «ነርቩ ተነካ» ማለት «ነርቩ ይውጣ» ማለት ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ አንድ ታዋቂ ሙከራ ይህን ሐሳብ ከሥሩ ነቅንቆታል። ተመራማሪዎቹ የአይጦችን ጥርስ ቦርቡረው ነርቩን ክፍት ተዉት። እንደ ማንኛውም አይጥ ጀርም ባለበት የኖሩት ነርቫቸው ሞተ። ምንም ጀርም በሌለበት ክፍል ያደጉት ግን ምግብ ጎድጓዳው ውስጥ እየገባ እንኳ ነርቫቸው በራሱ ላይ የዴንቲን ድልድይ ሠርቶ ዳነ። ነርቭን የሚገድለው መከፈቱ ሳይሆን በተከፈተው የሚገባው ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ነርቭን አትርፎ የሚሠራ ሐኪም ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ ስስ የጎማ ሉህ ይወጥራል። ሉህ ሳይወጠር በተጋለጠ ነርቭ ላይ የሚሠራ ሥራ መጨረሻው እምብዛም አያምርም።

እዚህ ደረጃ ላይ ሦስት አማራጮች አሉ። የተጋለጠችውን ነጥብ በመድኃኒት ሸፍኖ መዝጋት አንደኛው ነው። ከተቆጣው የነርቩ ክፍል ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ቆርጦ ቀሪውን መሸፈን ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በጥርሱ ራስ ውስጥ ያለውን ነርቭ በሙሉ አንሥቶ በሥሮቹ ውስጥ ያለውን ሕያው መተው ነው። ከሦስቱ አንዱን የሚያስመርጠው ከሁሉ በላይ ደሙ ነው። ሐኪሙ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በበረኪና ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር፣ የራሰች ጥጥ አድርጎ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቃል። ደሙ ከቆመ ከሥሩ ያለው ነርቭ ጤነኛ ነው፤ መሸፈን ይቻላል። ካልቆመ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆርጥና ደግሞ ይጠብቃል። በሥሮቹ አፍ ላይ ደርሶም የሚፈስ ከሆነ ነርቩ ሊተርፍ አይችልም። ጥርስ በበረኪና ይታከማል ብላችሁ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት አደራ፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።

የሚሸፈንበት መድኃኒት ውጤቱን በግልጽ ይለውጠዋል። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የኖረ፣ ርካሽና በየክሊኒኩ የሚገኝ ነው። ኤምቲኤ በአሜሪካ በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ እርጥበት ባለበት የሚጠነክር ሲሚንቶ መሰል ዱቄት ነው። ባዮዴንቲን ከዚያ በኋላ የመጣ የዚያው ቤተሰብ ነው። የተጋለጠ ነርቭን በቀጥታ በመሸፈን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሸፈኑት 31.5 በመቶ፣ በኤምቲኤ የተሸፈኑት ደግሞ 19.7 በመቶ እንደሚከሽፉ አሳይቷል። ከላይ የጠቀስኩት የ2010ሩ ጥናት ደግሞ መቦርቦሩ ሲጠረግ ነርቫቸው በተጋለጠ የአዋቂ ጥርሶች ላይ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲደረግ በዓመቱ ነርቫቸው ደኅና የተገኘው ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ እንደሆነ መዝግቧል። እኔ ያቺን ተማሪ ያከምኩት በዚሁ መድኃኒት ነበር። ስለዚህ አሁን ኤምቲኤ ወይም ባዮዴንቲን ከሌለኝ ጥርሱን በጊዜያዊነት ዘግቼ መድኃኒቱ ወዳለበት ክሊኒክ እልካለሁ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ከጥርስ ሥር ሕክምናና ከክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ከላይ ከሚሸፍነው ቆብ፣ ድምር ያንሳል። ለፊት ጥርስ የሚሆን ከሆነ ባዮዴንቲን እንዲሆን ጠይቁ፤ ኤምቲኤ ጥርሱን ሊያጠቁር ይችላል።

አሁን ወደነዚያ ውኃ ይዘው ወደመጡት እናት ልመለስ። እንዲህ ላለ ሌሊት ለሚያሠቃይ ሕመም ቀድሞ የነበረው መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ ነርቩ በሙሉ ይውጣ። አሁን ይህ ሐሳብ እየተለወጠ ነው። በኢራን በተለያዩ ማዕከላት የተደረገና የአምስት ዓመት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለ ሕመም በነበረባቸው መንጋጋዎች ላይ በጥርሱ ራስ ያለውን ነርቭ ብቻ ማንሣትን ከሙሉ የጥርስ ሥር ሕክምና ጋር አነጻጽሯል። የመጀመሪያው 78.1፣ ሁለተኛው 75.3 በመቶ ተሳክቷል፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በአንድ ቀጠሮ የሚያልቀው ግን የመጀመሪያው ነው። የእናቲቱ ደም ከሰባት ደቂቃ በኋላ ቆመ። የሥሮቹን ነርቭ ትቼ በባዮዴንቲን ሸፍኜ ዘጋሁላቸው። በማግስቱ ስደውልላቸው ስልኩን ያነሣችው ልጃቸው «ተኝተዋል» አለችኝ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ነበር።

የስድስት ዓመት መንጋጋ

ወላጆች በተለይ ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅለት፣ አዲስ መንጋጋ ያበቅላል። የወተት ጥርስ ስላልወደቀ ብዙዎች «ይህም ይወልቃል» ብለው ይተዉታል። አይወልቅም። ሰውየው እስኪያረጅ አብሮት መኖር ያለበት ጥርስ ነው። ብቅ ሲል ደግሞ ሥሩ ገና አላለቀም፤ ተሠርቶ የሚያበቃው ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ የሚሠራውም በሕያው ነርቭ ነው። ነርቩ በሰባት ዓመቱ ከሞተ ሥሩ አጭርና ስስ ሆኖ ይቀራል፣ በቀላሉም ይሰበራል።

ስለዚህ በልጅ መንጋጋ ላይ ነርቩን ለማትረፍ ከአዋቂው ይበልጥ መታገል ይገባል። የልጅ ነርቭ በደም የዳበረ ስለሆነ የመዳን ኃይሉ ብርቱ ነው። በአደጋ በተሰበሩ የፊት ጥርሶች ላይ የላይኛውን የነርቭ ክፍል ብቻ የማንሣት ሕክምና ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊድን የታተመ ጥናት 96 በመቶ ስኬት መዝግቧል። መቦርቦር ያጋለጠው ነርቭ የዚያን ያህል ንጹሕ አይደለም፤ ቢሆንም ለልጅ ጥርስ «ነርቩ ይውጣ» የሚል ሐኪም ሌላ አማራጭ እንዳየ ጠይቁት።

የጥርስ ሥር ሕክምና ወይስ መንቀል?

ነርቩ ከሞተ ወይም ደሙ አልቆም ካለ የሚቀሩት እነዚህ ናቸው። የጥርስ ሥር ሕክምና በደንብ ከተሠራ ጥርሱን ለአሥርተ ዓመታት ሊያቆየው ይችላል። ነገር ግን መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቱቦ ስላለው ረጅም ሥራ ነው። በአንድ ወይም በተከታታይ ቀጠሮዎች ያልቃል፣ ከሙሌትም ሆነ ከመንቀል ብዙ ያስከፍላል። ወጪውን ስታሰሉ ክራውኑን አብራችሁ አስሉ። ነርቩ ወጥቶለት ክራውን ያልተደረገለት መንጋጋ ግድግዳው የሳሳ ቤት ማለት ነው፤ አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጥምበት ለሁለት ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ የተከፈለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ክራውኑን ለማሠራት አቅም እስኪገኝ ድረስ የጥርሱን ጫፎች የሚሸፍን ሙሌት እንዲደረግላችሁ ጠይቁ።

መንቀል በዕለቱ ርካሽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ባዶ ቦታው ዝም ብሎ አይቀመጥም። የጎን ጥርስ ወደ ክፍተቱ ይዘምማል፤ የላይኛው ጥርስ የሚገናኘው ሲያጣ እየረዘመ ይወርዳል፤ ማኘክ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ባዶውን በድልድይ (በጎን ጥርሶች ላይ በሚደገፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ወይም በተከላ (አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ለመሙላት የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ ጥርሱን ለማትረፍ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ይህን ሁሉ ብልም መንቀል የሚገባበት ጊዜ አለ፦ ጥርሱ ከድድ በታች ከተሰበረ፣ እስከ ሥሩ ከተሰነጠቀ፣ አጥንቱ አልቆ ከተነቃነቀ፣ ወይም የቀረው አካል ሙሌት የሚይዝ ካልሆነ። እንዲህ ያለውን ጥርስ በግድ ማቆየት ለታካሚው ተጨማሪ ሕመምና ወጪ ነው።

ነርቭን አትርፎ የመዝጋት ሕክምና ስኬቱ የሚታወቀው በክትትል ነው። ሕመም ባይኖርም ከስድስት ወርና ከአንድ ዓመት በኋላ መፈተሽና ራጅ መነሣት ያስፈልጋል፤ ነርቭ ያለ ሕመም ሊሞት ይችላልና። ይህ ቀጠሮ እንደ ሁለት ዙሩ አይደለም። ብትዘገዩም ቋሚ ሙሌት ስላለ ጥርሱ ክፍት አይሆንም፤ ወሩን ብታሳልፉ እፍረት አይያዛችሁ፣ በሚመቻችሁ ቀን ኑ።

ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ

ቅዳሜ ማታ ሕመሙ ተነሥቶ ክሊኒኩ የሚከፈተው ሰኞ ከሆነ፣ ለአዋቂ ሰው 400 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል ጋር አንድ ላይ መውሰድ አንዱን ብቻ ከመውሰድ ይበልጥ ያስታግሣል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ኢቡፕሮፌኑን ይተዉና ፓራሲታሞሉን ብቻ ይውሰዱ። ራስን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት ትርታውን ይቀንሳል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ድዱን ያቃጥለዋል። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል እንጂ አይፈውስም፤ አረቄም ቢሆን መቦርቦሩን አያቆምም። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ስሕተት ነው። የተቆጣ ነርቭ በፀረ ባክቴሪያ አይበርድም፤ ቀናቱ ያልፋሉ እንጂ።

በሁዳዴም ሆነ በረመዳን ለማደንዘዣ በባዶ ሆድ መምጣት ራስ ሊያስት ስለሚችል ስትመጡ መጾማችሁን ንገሩን፤ ከጾሙ ጋር የሚስማማ ሰዓት እንፈልጋለን። እብጠቱ ከአገጭ በታች ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም መተንፈስ ከከበደ ሰኞን አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው በአቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው።